ደብተርህን ዝጋና ንገረኝ

ሐሙስ ማታ ኳታር፣ ዶሃ፣ ሙሸይሪብ ሰፈር መቀመጫ አይገኝም። ዓርብና ቅዳሜ በሚታረፍበት አገር የሐሙስ ምሽት የሳምንቱ ትልቁ ምሽት ነውና፣ ባራሃ የሚባለው ጥላ የተዘረጋለት አደባባይ በቤተሰብ፣ በሕፃናትና ፎቶ በሚነሡ ጎረምሶች ይሞላል። አንደኛው ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ ግን ፌሽታ አይታይበትም። ሦስት ቀለም ሃይላይተር፣ ጡብ የሚያህል የአካውንቲንግ መጽሐፍና ስልባቦት የያዘ ከረክ ሻይ ተቀምጦበታል። ባለቤቱ የ24 ዓመት ወጣት ነው። ሌሊት እዚሁ ሰፈር ባለ ሆቴል እንግዳ ይቀበላል፤ ቀን ኮሌጅ ይማራል፤ በመሀል ይተኛል፣ ከተኛ።

ፋይናል የሚጀምረው የሚመጣውን ሳይሆን የዚያኛውን እሑድ ነው። አሥር ቀን፣ አራት ኮርስ።

የቀጠራቸው ሰው ሲመጡ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። ከኮተቤ በባዮሎጂ ተመርቀው አሥራ ሁለት ዓመት ጎጃም ውስጥ አስተምረዋል። ዶሃ ከመጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሀበሻ ልጆች ሰብስበው ያስጠናሉ። የተዋወቁት መሳይሚር ባለው የአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ውስጥ፣ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ነው። በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ ለእሱ «ቲቸር» ናቸው።

ተማሪው፦ ቲቸር፣ ምን ልዘዝልዎ? እዚህ ከረኩ አሪፍ ነው።

መምህርቷ፦ ወተት አለበት እኮ። ጾም መግባቱን ረሳኸው? ሻይ ይበቃኛል።

የነቢያት ጾም ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ተማሪው አፈር ብሎ የራሱን ከረክ ወደ ጎን ገፋ አደረገው። መምህርቷ መጽሐፉን ሳብ አድርገው ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

መምህርቷ፦ ይኼማ የመስከረም ሜዳ ነው፤ አደይ በአደይ! ያላሰመርክበት መስመር አለ?

ተማሪው፦ ዋና ዋናውን ብቻ ነው ያሰመርኩት። ምዕራፍ አሥርን ሦስቴ ጨርሼዋለሁ። አሁን ገብቶኛል።

መምህርቷ፦ ዝጋውና ንገረኝ።

ተማሪው፦ አሁን?

መምህርቷ፦ ፈታኙ ሲመጣ ገልጠህ ልታሳየው ነው?

ዘጋው። «ዲፕሪሲዬሽን ማለት አንድ ንብረት በአገልግሎት ዘመኑ...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ዓይኑን ወደ ላይ ሰቀለ። ጣቱ አየር ላይ የሆነ ነገር ይጠቁማል።

ተማሪው፦ ገጹ እኮ ፊቴ ላይ አለ ቲቸር! በግራ በኩል፣ ከታች፣ በአረንጓዴ ያሰመርኩት። ሠንጠረዥ አለው።

መምህርቷ፦ ሠንጠረዡ ውስጥስ ምን አለ?

ዝም።

መምህርቷ፦ አይዞህ። ሌላ ልጠይቅህ። የድሮው መቶ ብር ጀርባው ላይ ምን ነበር?

ተማሪው፦ የድሮው? በሬ ነው መሰለኝ... ገበሬ?

መምህርቷ፦ ስንት ዓመት ኪስህ ውስጥ ያዝከው?

ተማሪው፦ ብር መያዝ ከጀመርኩ እስከ መስከረም 2013፣ እስኪቀየር ድረስ።

መምህርቷ፦ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰውዬ ነበር። እኔም ባዮሎጂ አስተማሪ ባልሆን ኖሮ አላስታውሰውም። ዓይንህ ለምዶታል፤ በቃልህ ግን አልያዝከውም። ምዕራፍ አሥርም እንደዚያው ነው።

የብሩ ጥያቄ የመምህርቷ ብልሃት ይምሰል እንጂ ቀዳሚ አለው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሬይመንድ ኒከርሰንና ማሪሊን አዳምስ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካውያንን በየኪሳቸው የሚያቃጭለውን የአንድ ሳንቲም ገጽታ ከራሳቸው አውጥተው እንዲስሉ ጠይቀው ነበር። በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የነኩት ሳንቲም ነው። ሆኖም የሊንከን ፊት ወዴት እንደሚያይ፣ የትኛው ጽሑፍ ከላይ የትኛው ከታች እንደሆነ ለአብዛኞቹ ተምታታባቸው። ተማሪ መጽሐፉን ለአራተኛ ጊዜ ሲገልጥ የሚሰማው «ይኼንንማ አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ከዚህ ሳንቲም ጋር ካለው ዝምድና ብዙም አይርቅም። ያውቀዋል፤ ሲያየው ያውቀዋል። ፈተና ላይ ግን አያየውም።

ተማሪው፦ ታዲያ ሃይላይተሬን ልጣለው? ዛሬ ነው እኮ የገዛሁት።

መምህርቷ፦ ለልጆች ሥዕል ይሆናል። ጆን ደንሎስኪ የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ተማሪ የሚጠቀምባቸውን አሥር የጥናት ዘዴዎች አንድ በአንድ መዝኖ ነበር። ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ከዝቅተኞቹ ተመደቡ። ከፍተኛ ጥቅም አላቸው የተባሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ራስን መፈተንና አራርቆ ማጥናት።

ተማሪው፦ ራስን መፈተን የሚባለው እኮ ካጠኑ በኋላ ነው። መጀመሪያ ማወቅ አለብኝ፣ ከዚያ እፈተናለሁ።

መምህርቷ፦ ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሴንት ሉዊስ፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙትን ልንገርህ። ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንዱ ቡድን አራት ዙር አነበበ። ሌላው አንድ ዙር አንብቦ፣ ወረቀቱ ተወሰደበትና ሦስት ዙር የሚያስታውሰውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ማን በለጠ?

ተማሪው፦ የጻፈው ነዋ። እዚያ ሊወስዱኝ አይደል?

መምህርቷ፦ ተሳሳትክ። ያነበበው በለጠ። 83 ከመቶ ለ71።

ተማሪው፦ (እየሳቀ) እኔስ ምን አልኩ!

መምህርቷ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ከየቡድኑ ግማሹን የፈተኑት ከሳምንት በኋላ ነበር። አንባቢው 40 ላይ ወረደ። ሲጽፍ የነበረው 61 ላይ ቆየ። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ መጀመሪያ ላይ «ምን ያህሉን ታስታውሳላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ በራሱ የተማመነው አንባቢው ነበር።

ተማሪው ሳቁን ዋጥ አደረገ። ከዚያ ግን ማንም የካምፓስ ተማሪ የሚያነሣውን ጥያቄ አነሣ፤ ደግሞም ተገቢ ጥያቄ ነው።

ተማሪው፦ እንግዲያው ሌሊቱን ባነብና ጠዋት ብፈተንስ? አንባቢው አምስት ደቂቃ ላይ በልጧል ብለዋል። ሀገር ቤት ጓደኞቼ እግራቸውን ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ውስጥ ነክረው ነው የሚያድሩት። ከነሱ ውስጥ ሰቃይ የወጣ አለ።

መምህርቷ፦ ይኖራላ፤ ስንቱ ውሃ ውስጥ እንደተኛ ግን አልነገርከኝም። ፈተናው በር ላይ ቆሞ ቢሆንና ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ዳግመኛ የማትፈልገው ቢሆን፣ እሺ፣ እንዳልክ። አንተ ግን አራት ፈተና በተከታታይ አለብህ። የአንደኛውን ሌሊት ዕዳ በሁለተኛው ትከፍላለህ። እንቅልፍ ደግሞ የባከነ ሰዓት አይደለም። ገና እ.ኤ.አ. በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎችን ይዘው ሞክረውታል። አንድ ዓይነት ነገር ሸምድደው ሲተኙና ሸምድደው ነቅተው ሲቆዩ፣ እኩል ሰዓት አልፎም ተኝተው ሲነሡ የበለጠ ያስታውሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል፤ ያንን የሚሽር ነገር ግን አልመጣም።

ተማሪው፦ ለእኔ እንቅልፍ ማለት... ቲቸር፣ ይኼ ሁሉ ጊዜ ላለው ሰው ነው። እኔ ቆሜ ነው የማድረው።

ሴትዮዋ ቶሎ አልመለሱም። ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡና በካሕረባ ጎዳና በኩል ዝግ ብለው መሄድ ጀመሩ። ካሕረባ በዐረብኛ ኤሌክትሪክ ማለት ነው፤ ጎዳናው ስሙን ያገኘው በዶሃ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መብራት የገባለት በመሆኑ ነው። የድሮው ሰፈር ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠርቷል፤ ዛሬ መሀሉን በነፃ የሚያሳፍር ትራም ያልፍበታል።

መምህርቷ፦ አባቴ መብራት በሌለበት ነው የተማሩት። የዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪ ነበሩ። ገና ንባብ ቤት ሳሉ ቀን ቀን መጽሐፍ ያነባሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ፊደል አይታይም። ትምህርቱ ያን ጊዜ ያቆማል? አያቆምም። የቃል ትምህርት ይጀመራል። የኔታ ጨለማው ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ልጆቹ ይከባሉ፣ ውዳሴ ማርያሙን በቃላቸው ይወጡታል። የሚገልጡት የለም። ያለው ከልብ የሚወጣው ነው።

ተማሪው፦ ሽምደዳ ነዋ! እኛን «አትሸምድዱ» እያሉ አይደል ያሳደጉን?

መምህርቷ፦ የቅኔ ቤትን ነገር አልጨረስኩልህም። ግስ ይሸመደዳል፣ እውነት ነው። የተሸመደደው ግን በማግስቱ ለሥራ ይፈለጋል። ተማሪው ዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ከጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው፣ ሁለት ቤት ናት። ከዚያ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ የጎደለው እዚያው ይታረማል። የቆየው ተማሪ ደግሞ የአዲሱን ይሰማል፣ ያርማል፤ አስነጋሪ ይሉታል። እነ ሮዲገር በ2006 ያገኙትን እኮ አባቴ በቁራሽ እንጀራ ነው የተማሩት።

እዚህ ላይ መምህርቷ ትንሽ አድልተዋል። የአብነት ትምህርት ቤትን የሚያወድስ ሰው ብዙ ጊዜ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ የለመነውን ሕፃን፣ አለንጋውንና ተስፋ ቆርጦ የተመለሰውን ይዘነጋል። የቃል ትምህርት ብቻውን ምሥጢር እንደማያስጨብጥም ራሳቸው ሊቃውንቱ ያውቁ ነበር፤ ትርጓሜ ቤት የሚባል ሌላ ጉባኤ የቆመው ለዚህ ነው። ነገር ግን በሥራው አካሄድ ላይ ልክ ናቸው። ተማሪው በየዕለቱ ከራሱ ያወጣል፣ በየዕለቱም የሚያርመው ሰው አለ። ሁለተኛው ባይኖር አንደኛው ስሕተትን ማጽኛ ይሆን ነበር።

መምህርቷ፦ ጊዜ የለኝም አልክ። ደጋግሞ ማንበብ ነው ጊዜ ላለው ሰው። እሱ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ መጽሐፍ ይፈልጋል። ለማስታወስ ምን ትፈልጋለህ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዳ የለም፤ አንተ ቆመሃል። «ትናንት ያነበብኩት ምን ነበር?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ቅዳሜ እኔ ጋ ከሚመጡት ውስጥ ሰው ቤት የሚሠሩ ሁለት እኅቶች አሉ፤ እንግሊዝኛ ነው የሚማሩት። ሽንኩርት እየከተፉ ነው የሚያጠኑት።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15 የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ የእረፍት ቀን እንዲኖር ደንግጓል። ለሚማር ሰው ያቺ አንዲት ቀን ሁሉን ነገር የምትሸከም ትመስለዋለች፤ ሰባት ሰዓት ተቀምጦ ሊያጠናባት ያስባል። ሴቶቹ ከመምህርቷ የተቀበሉት ግን የእረፍቷን ቀን ለአዲስ ትምህርት፣ የቀሩትን ስድስት ቀናት ደግሞ ለአምስት አምስት ደቂቃ ማስታወስ ማዋልን ነው። የአምስት ደቂቃዋ ነገር ቀልድ ትመስላለች። ስድስት ጊዜ ስትመለስ ግን አንድ ጊዜ ከሚደረግ የሠላሳ ደቂቃ ክለሳ ጋር እኩል አይደለችም፤ ትበልጣለች።

ተማሪው ስልኩን አውጥቶ የፈተና ዕቅዱን አሳያቸው። ከዓርብ እስከ እሑድ አካውንቲንግ፣ ቀጥሎ ሁለት ቀን ኢኮኖሚክስ፣ ከዚያ ስታቲስቲክስ፣ ማጠቃለያው ማኔጅመንት። የተስተካከለ ነበር፤ በቀለም ተለይቷል።

መምህርቷ፦ ይኼ ዕቅድ እኮ አካውንቲንግን እሑድ ቀብረህ ከሳምንት በኋላ ቆፍረህ ልታወጣው ነው የሚለው።

ተማሪው፦ አንዱን ሳልጨርስ ወደ ሌላው ብሄድ ይምታታብኛል።

መምህርቷ፦ ይምታታብህ። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየሸመደደ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። አንድ ሰዓት ሲሞላው ከግማሽ በላዩ ሄዷል፤ በማግስቱ ሁለት ሦስተኛው ያህል። መርሳት የሚበረታው ገና እንደተማርክ ነው፤ ስለዚህ መመለስ ያለብህ በማግስቱ ነው፣ ሊጠፋ ሲል። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2008 ሴፔዳ የሚባል ተመራማሪና ጓደኞቹ ከ1,300 በላይ ሰዎች ይዘው የክለሳውን ርቀት ለኩት። ፈተናው ከሳምንት በኋላ ለሆነ ሰው በአንድ ቀን ልዩነት መከለስ ይሻለው ነበር፤ ከ35 ቀን በኋላ ለሚፈተነው ደግሞ በ11 ቀን ገደማ። አንተ አሥር ቀን አለህ። እያንዳንዱን ኮርስ ቀን እየዘለልክ ንካው።

ዕቅዱን እዚያው፣ የትራሙ መቆሚያ ላይ ቆመው አፈረሱት። በቀን ሁለት ኮርስ። ሲቀመጥ መጀመሪያ መጽሐፍ አይገለጥም፤ ነጭ ወረቀት ይቀርብና ከትናንት ወዲያ የቀረው ይጻፋል። የጎደለው በሌላ ቀለም ይሞላል። የሚነበበው ያ የጎደለው ብቻ ነው። በመጨረሻም የቤት ሥራ ሰጡት፦ እስከ ቅዳሜ ጥዋት አርባ ጥያቄ፣ ጥያቄው በፊት መልሱ በጀርባ።

ቅዳሜ ተማሪው ካርዶቹን ይዞ መጣ። ሆቴሉ የክፍል ቁልፍ የሚሰጥባቸውን የወረቀት ማኅደሮች ነበር የተጠቀመው፤ የተበላሹትን ነው፣ ፈቃድ ጠይቆ። መምህርቷ ልጆቹን ላይብረሪ ስለቀጠሯቸው አብረው ወደ ሜትሮው አመሩ። መንገድ ላይ አንድ አሮጌ ቤት ደጃፍ ቆሙ።

መምህርቷ፦ በየቀኑ በዚህ ታልፋለህ። ምንድነው ይኼ ቤት?

ተማሪው፦ ሙዚየም ነው... የምን እንደሆነ ግን...

መምህርቷ፦ የባርነት። ቢን ጀልሙድ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ክፍት ነው። ከእኛ አገርና ከምሥራቅ አፍሪካ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል የተሸጡ ሰዎችን ታሪክ ይነግርሃል። እዚህ አገር ባርነት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ፈተናህን ስትጨርስ ግባና እይ።

ተማሪው ሁለት ዓመት ሙሉ እየሮጠ ያለፈበትን በር ዞር ብሎ አየው።

ሙሸይሪብ ሦስቱ የዶሃ ሜትሮ መስመሮች፣ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ወርቃማው፣ የሚገናኙበት ጣቢያ ነው። በአረንጓዴው መስመር ወደ ኤዱኬሽን ሲቲ ሲሄዱ የኳታር ብሔራዊ ላይብረሪ ሰባተኛው ፌርማታ ነው፤ ዋጋው ሁለት ሪያል። መምህርቷ ካርዶቹን እንደ ካርታ በወዙና ሕጉን አወጡ፦ በአንድ ፌርማታ አንድ ጥያቄ፣ በሩ ሲከፈት መልስ።

መምህርቷ፦ በ120,000 ሪያል የተገዛ ማሽን፣ ዕድሜው አምስት ዓመት፣ ቀሪ ዋጋው 20,000። በቀጥታ መስመር ዘዴ የዓመት የእርጅና ተቀናሽ ስንት ነው?

ተማሪው፦ ቀሪውን ቀንሼ ለአምስት። 20,000።

አል ቢዳ ደረሱ።

መምህርቷ፦ የዕቃ ክምችት። በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ፣ በአይ ኤፍ አር ኤስ፣ ላይፎ ይፈቀዳል?

ተማሪው፦ አይፈቀድም። በአሜሪካኖቹ ነው የሚፈቀደው። ቲቸር፣ ለምን ዘለሉብኝ? ዲፕሪሲዬሽን ላይ እየሞቅኩ ነበር።

መምህርቷ፦ ስለሞቅክ ነዋ። ዋጋው በ10 ከመቶ ጨምሮ ፍላጎቱ በ5 ከመቶ ቢቀንስ?

ተማሪው፦ ይኼ ደግሞ ኢኮኖሚክስ ነው! ዜሮ ነጥብ አምስት። ኢንኢላስቲክ። ሆን ብለው ነው የሚያምታቱኝ?

መምህርቷ፦ ሆን ብዬ ነው። ሮረርና ቴይለር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት አለ። የተለያዩ ጠጣር ቅርጾችን ይዘት የሚያሰላ ጥያቄ ለተማሪዎች ሰጡ። አንድ ዓይነቱን ጨርሶ ወደ ሌላው የሄደው ቡድን ልምምዱ ላይ 89 ከመቶ አገኘ፤ የተቀላቀለበት 60። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ የመጀመሪያው 20፣ የተቀላቀለበት 63። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፈተና ላይ «ይኼ ምዕራፍ አሥር ነው» የሚል ምልክት የለም። የትኛውን መንገድ እንደምትይዝ መለየቱ ራሱ ጥያቄው ነው።

ሐማድ ሆስፒታል ላይ ብዙ ሰው ገባ። ተማሪው ለአንዲት እናት ወንበሩን ለቆ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ እኅቱ ነገራቸው። ሀገር ቤት የአራተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ በመጪው ክረምት የመውጫ ፈተና ትቀመጣለች። ሐሙስ ሌሊት ደውሎላት ኖሯል።

ተማሪው፦ «ሚዱንም ፋይናሉንም በየጊዜው ሠርቼ አልፌ፣ አሁን የሁለተኛ ዓመቱን ስገልጥ እንግዳ ነው የሆነብኝ» አለችኝ። አለቀሰች።

የልጅቷ ጭንቀት የብዙዎች ነው። የመውጫ ፈተናው በመላ አገሪቱ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የተጀመረው በሐምሌ 2015 ነው፤ ማለፊያው 50 ከመቶ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ነበሩ፣ 40.65 ከመቶ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17.2 ከመቶ። ለልዩነቱ ብዙ ምክንያት ይጠቀሳል፤ የመምህራን ብቃት፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የአቀባበል መስፈርት። የጥናት ልማድ ብቻውን ይኼን ቁጥር አያስረዳም፣ ያስረዳል የሚልም ሰው ተማሪው ላይ ይፈርዳል። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ነው። በየሴሚስተሩ በአንድ ሌሊት ችከላ የታለፈ ኮርስ ለዚያች ጥዋት የተበደሩት ዕውቀት ነው፤ የመውጫ ፈተናው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ መጥቶ ይጠይቀዋል። ሃንድአውት ይዞ የመሮጥን ልማድ ያስተማረው ግን የፈተናው አሰጣጥ ራሱ ነው። ተማሪ የሚሸለምበትን ነው የሚያጠናው።

መምህርቷ፦ እኅትህን በሳምንት ሁለት ጊዜ ደውልና ጠይቃት። አትንገራት፤ ጠይቃት። ያልመለሰችውን ራሷ ትፈልግና ለአንተ ታስረዳ። አንተ ነርሲንግ አታውቅም፤ ለማያውቅ ማስረዳት ደግሞ ማምለጫ የለውም።

ተማሪው፦ አስነጋሪ ልሆን ነዋ።

መምህርቷ፦ (እየሳቁ) ቁራሽ ሳትለምን! በል ወደ ማሽኑ ተመለስ። ያው 120,000፤ አሁን በሚያሽቆለቁለው ዘዴ፣ በእጥፍ። የመጀመሪያው ዓመት?

ተማሪው፦ 40 ከመቶ... 48,000።

መምህርቷ፦ ሁለተኛው ዓመትስ?

አል መሲላ አለፈ። ተማሪው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። አል ረያን አል ቀዲም አለፈ።

ተማሪው፦ 40 ከመቶ... ከስንት? እንደገና ከ120,000 ነው? ወይስ ቀሪውን ቀንሼ? ቲቸር፣ ትናንት ራሴ ነኝ የጻፍኩት!

መምህርቷ ካርዱን ገለበጡ፣ መልሱን ለራሳቸው አዩ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ተማሪው፦ አይነግሩኝም?

መምህርቷ፦ መጽሐፉ አለህ፤ ዛሬውኑ ፈልገው። ሳታርመው ግን እንዳታድር፤ የተሳሳተው እንዳይጸናብህ።

ወርደው ወደ ላይብረሪው ገቡ። ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ነው፤ ሬም ኩልሃስ የነደፈው አንድ ሰፊ አዳራሽ ሲሆን መደርደሪያዎቹ እንደ እርከን በሦስት ወገን ሽቅብ ይወጣሉ፣ ከሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ይዘው። የፈተና ሰሞን በመሆኑ ጠረጴዛው ሁሉ ተይዟል። ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች አጎንብሰዋል፤ በየእጃቸው ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ሃይላይተር። ተማሪው አንድ ባዶ ወንበር አግኝቶ ተቀመጠ፣ መጽሐፉን አወጣ፣ ሳይገልጠው አጠገቡ አኖረና ነጭ ወረቀት ላይ «120,000» ብሎ ጻፈ። መምህርቷ የሕፃናቱን ክፍል ፍለጋ ሄዱ።

ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከሆቴሉ መቀበያ አንድ መልእክት ተላከላቸው፦ «28,800። ከ72,000 ላይ ነው!»

ተማሪው መልሳቸውን ያየው ጥዋት ከሥራ ወጥቶ ወደ ሜትሮው ሲወርድ ነው። «አራተኛው ዓመትስ?» ይላል። ማሽኑ ቀሪ ዋጋ እንዳለው የሚያስታውስ ፍንጭ እንኳ አልጨመሩበትም። ተማሪው ደረጃው ላይ ቆመ፤ ከኋላው የሚመጣው ሰው ጠርዙን ይዞ አለፈው።